ድንጋይ ከሰልና መብራታችን፦ ከጉለሌ እስከ ያዩ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ አዲስ አበባ፣ ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ። መብራት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ የለም። ከሰል በጣሳ እየሰፈሩ የሚሸጡት እናት ደጃፍ ላይ ሰው ተሰልፏል። ሌላ ቀን ወጡንም ቡናውንም በኤሌክትሪክ ምድጃ የሚሠራው ጎረቤት ሳይቀር ፌስታል ይዞ ቆሟል። እኔ ደግሞ በኪሴ ከአንድ እፍኝ የማይሞላ ጥቁር ድንጋይ ይዣለሁ። የሰጠኝ ለስሚንቶ ፋብሪካ ድንጋይ ከሰል የሚያመላልስ የሰፈራችን ሾፌር ነው።

«እማማ፣ ይሄን ማንደጃው ላይ ልሞክረው?» አልኳቸው።

ተቀብለው አገላበጡት። ጥቁር ዱቄት ጣታቸው ላይ ቀረ። «ምንድን ነው ልጄ? ከሰል እንዳልለው ይከብዳል፤ ድንጋይ እንዳልለው ይፈረፈራል» አሉ።

ፍሙ መሀል አስቀመጥነው። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ቆይቶ ከስንጥቁ ቢጫ የሚመስል ወፍራም ጢስ ወጣ፤ ብዙ ክብሪት ባንዴ እንደተጫረ ያለ ሽታ አፍንጫችንን ወጋን። ከተሰለፉት አንዷ ልጇን አዝላ ፈንጠር አለች። «አንሣልኝ ልጄ፣ ይሄ ለቡና አይሆንም» አሉኝ እማማ። በመቆንጠጫ አንሥቼ ዳር ጣልኩት፤ እዚያም ሆኖ ይጤስ ነበር።

ይህ ዳሰሳ የሚነሣው ከዚያች ድንጋይ ነው። አገራችን ድንጋይ ከሰል አላት። መብራት ደግሞ ይጠፋል። ስለዚህ «ለምን በራሳችን ከሰል የሚሠራ አነስ ያለ ማመንጫ አንተክልም?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይነሣል። ጥያቄው የዋዛ አይደለም፤ በጥሞና ሊመረመር ይገባዋል። እኔ መርምሬ የደረስኩበትን ከወዲሁ ልናገር፦ ድንጋይ ከሰል ለኢትዮጵያ የሚሆንበት ቦታ አለ፤ ያ ቦታ ግን የመብራት ማመንጫ አይደለም፤ አነስተኛ ማመንጫ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ አይደለም። ምክንያቴን በተራ አስረዳለሁ።

አንድ ስም፣ ሁለት ነገር

በጉለሌ «ከሰል» ሲባል ከእንጨት የከሰለው ነው። እንጨት ተቆርጦ ይከመራል፤ አፈር ይለብሳል፤ አየር ሳያገኝ ቀስ ብሎ እየጤሰ ይከስላል። በዚህ ባህላዊ መንገድ አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣት ከአምስት እስከ አሥር ኪሎ እንጨት ይበላል። አንድ ጆንያ ከሰል ስንገዛ ያላየነው ብዙ ዛፍ አብሮት አለ ማለት ነው። ድንጋይ ከሰል ግን ሌላ ነው። ከሚሊዮን ዓመታት በፊት ረግረግ ውስጥ የወደቀ ዕፅዋት በደለል ተቀብሮ፣ በክብደትና በሙቀት ተጨምቆ የጠነከረ ነው። ሁለቱ በስም ይዛመዱ እንጂ በባሕርይ ይለያያሉ። የእንጨቱ ከሰል ጢሱን ጫካ ውስጥ ጨርሶ ይመጣል፤ ድንጋይ ከሰሉ ጢሱን፣ ድኙንና አመዱን ይዞ ነው እኛ ዘንድ የሚደርሰው።

ማገዶ ለዚህች ከተማ የህልውና ጉዳይ ሆኖ ያውቃል። ዳግማዊ ምኒልክ ከእንጦጦ ወርደው አዲስ አበባን ካቀኑ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዙሪያዋ ያለው ደን በማገዶና በቤት ሥራ አለቀ። ንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እዚያ ግንባታ እስከ መጀመር ደርሰው ነበር። ከተማዋን ያተረፋት በዚያው ዘመን ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬ ከጉለሌ በላይ ያለውን ተራራ የሸፈነው ያ ዛፍ ነው፤ ከእንጦጦ ወገብ የሚያጎብጥ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱት እናቶችም የዚያው ታሪክ ቅጥያ ናቸው። ጉለሌ ስለ ኃይል ስትጠየቅ መልስ የምትሰጠው ከዚህ ልምድ ተነሥታ ነው።

እሳቱ እንዴት መብራት ይሆናል?

የድንጋይ ከሰል ማመንጫ አሠራሩ ለመረዳት አያስቸግርም። ድንጋዩ በወፍጮ ተፈጭቶ እንደ ዱቄት ይልማል፤ በአየር ተገፍቶ ወደ ቦይለሩ ይገባና ይነድዳል። በቦይለሩ ግድግዳ ዙሪያ በተዘረጉ ቱቦዎች ውስጥ ያለው ውሃ ፈልቶ ከባድ ግፊት ያለው እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎቱ ተርባይኑን ያዞራል፤ ተርባይኑ ጀነሬተሩን። ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት በቀዝቃዛ ውሃ ተመልሶ ውሃ ይሆንና ወደ ቦይለሩ ይዞራል።

አዲስ አበባ ለዚህ ዓይነት መሣሪያ እንግዳ አይደለችም። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ ማመንጫ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ልዩነቱ በከሰል ፋንታ ቆሻሻ መንደዱ ነው። ማመንጫው የቆመው በመጋቢት 2009 ዓ.ም. የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን በቀበረበት በቆሼ አካባቢ ነው። አቅሙ 25 ሜጋ ዋት ገደማ ነው። የስኳር ፋብሪካዎቻችንም የአገዳውን ገለባ አንድደው በእንፋሎት መብራት ያመነጫሉ። ሁለቱም የሚያነዱት በእጃቸው ያለውን፣ ያለዚያ የሚጣለውን ነው። የከሰል ማመንጫ ግን በየቀኑ የሚቆፈርና የሚጓጓዝ ነዳጅ ይፈልጋል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በመጠኑ በኩል ደግሞ ሌላ ሕግ አለ። ትልልቆቹና ዘመናዊዎቹ ማመንጫዎች እንፋሎቱን እጅግ ከፍ ባለ ሙቀትና ግፊት ስለሚሠሩበት ከከሰሉ ጉልበት እስከ 45 በመቶ የሚደርሰውን ወደ መብራት ይቀይራሉ። ትንንሾቹ ያን የሚችል ውድ ብረትና መሣሪያ ስለማያዋጣቸው ሢሶውን ቢቀይሩ ነው፤ የቀረው በጢስ ማውጫውና በማቀዝቀዣው ይባክናል። ጢሱን የሚያጠሩት መሣሪያዎችም እንዲሁ ናቸው፤ አመዱን በኤሌክትሪክ ስቦ የሚያስቀረው ማጣሪያና ድኙን በኖራ ድንጋይ የሚያጥበው ክፍል ወጪያቸው ለትንሽ ማመንጫ ይከብዳል። ስለዚህ ከሰልን በተመለከተ ትንሽ መሆን ጥፋትን አያሳንስም፤ በእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ሲለካ እንዲያውም ያበዛዋል።

ከሰላችን የት ነው ያለው?

የኢትዮጵያ ድንጋይ ከሰል በአብዛኛው የሚገኘው በጥንት እሳተ ገሞራ የፈሰሰ ባዛልት ሁለት ጊዜ ሲነባበር በመሀሉ በቀሩ የሐይቅና የረግረግ ደለሎች ውስጥ ነው። ከጎንደር በስተ ምዕራብ በጭልጋ የሚገኘው ደለል 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው፤ ተመራማሪዎች የዝሆን ዘመዶችና የጠፉ ግዙፍ እንስሳት አፅም ከዕፅዋት ቅሪት ጋር ያገኙበት ቦታ ነው። በሰሜን ሸዋ ከደብረ ብርሃን ወዲያ በሙሽ ሸለቆ ያለው ወደ 22 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል፤ የቅጠሉ ሥር ሳይቀር በድንጋዩ ላይ ታትሞ ይታያል። በወሎ ውጫሌ፣ በጅማ አካባቢ ደልቢና ሞዬ፣ በኢሉባቦር ያዩ፣ በዳውሮና በሌሎችም የደቡብ ምዕራብ ወረዳዎች ክምችት አለ። ጠቅላላው በመቶ ሚሊዮኖች ቶን ይገመታል።

ብዛቱ ይህን ያህል ሆኖ ጥራቱ ግን ያንሳል። አብዛኛው ሊግናይት የሚባለው ገና ያልበሰለ ዓይነት ወይም ከሱ ከፍ ያለ መካከለኛ ደረጃ ላይ ያለ ነው። እርጥበቱና አመዱ ብዙ፣ ሙቀቱ ከደቡብ አፍሪካው ያነሰ ነው። የከሰል ማጠቢያ ፋብሪካዎች ያስፈለጉት ለዚህ ነው፤ ድንጋዩ ተከስክሶ በውሃ ሲታጠብ አፈሩና አመድ የሚሆነው ክፍል ይቀንሳል። ሽሮ ሜዳ ላይ ማንደጃውን ያጨሰችው ያቺ ቁራጭ የዚህ ቤተሰብ ናት።

ያዩ፦ ያልተሠራው ማመንጫ

ለጥያቄያችን የኢትዮጵያ እውነተኛ ምስክር ያዩ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ መንግሥት በያዩ ከሰል የሚሠራ 100 ሜጋ ዋት ገደማ የሚያመነጭ ጣቢያ ከማዳበሪያ ፋብሪካ ጋር አጣምሮ ሊሠራ አቅዶ ነበር። በዓለም ሚዛን ይህ ትንሽ ማመንጫ ነው። እቅዱ በ1998 ዓ.ም. የአካባቢ ጥበቃ ተቃውሞ ገጥሞት ተሰረዘ። በ2004 ዓ.ም. የማዳበሪያ ፋብሪካው ሥራ ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ለሜቴክ፣ ተሰጥቶ እንደገና ተጀመረ፤ አሁንም ከሰሉን ጋዝ አድርጎ ዩሪያ ማምረት፣ ለፋብሪካው የሚሆን መብራትም ከሰሉን አንድዶ ማመንጨት ነበር የታሰበው። ዓመታት ነጎዱ፤ የሕዝብ ገንዘብ ፈሰሰ፤ ፋብሪካው ሳይጠናቀቅ ቀረ።

ያዩ ላይ ከሰሉ የተቀመጠበትን ቦታ ልብ በሉ። በላዩ ያለው ጫካ ቡና ማንም ሳይተክለው በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅልበት ነው። አረቢካ ቡና በዱር ከሚገኝባቸው በዓለም ጥቂት ቦታዎች አንዱ ሲሆን፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የሰውና የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዝግቦታል። እዚያ ያለው የዘር ዓይነት ለቡና በሽታና ለሙቀት መጨመር መድኃኒቱ የሚፈለግበት ጎተራ ነው። ቡና አገራችን ከውጭ ንግድ ከምታገኛቸው ትልልቅ ገቢዎች አንዱ መሆኑ ሲታሰብ፣ የያዩ ጥያቄ «ከሰል ይውጣ ወይስ አይውጣ» ብቻ አልነበረም፤ «ከላይ ያለው ይበልጣል ወይስ ከታች ያለው?» የሚል ነበር። ዕፅዋቱ 20 እና 30 ሚሊዮን ዓመት ተቀብሮ የጠቆረበት ምድር ላይ ሕያው ሆኖ የቆመውን ዘር ማጣት፣ ከተቀበረው የሚገኘው መብራት የሚክሰው አይደለም።

የማዳበሪያው መንገድም ተቀይሯል። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. መንግሥት ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ጋር በጎዴ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር፣ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራርሟል፤ ግብዓቱ የኦጋዴን የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ያዩን ይደግፉ ከነበሩት ምክንያቶች ትልቁ በዚህ ወደ ሌላ ዞሯል።

የከሰሉ ትክክለኛ ቦታ፦ እቶኑ

ይህ ማለት ድንጋይ ከሰል በኢትዮጵያ አይነድም ማለት አይደለም። በስሚንቶ ፋብሪካዎች ይነድዳል፣ በብዛት። ስሚንቶ ለመሥራት የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር በሚሽከረከር ረጅም እቶን ውስጥ 1,450 ዲግሪ ገደማ መጋገር አለባቸው። ቀድሞ ፋብሪካዎቻችን ይህን የሚያደርጉት ከውጭ በሚገባ ከባድ ዘይት ነበር። የዘይቱ ዋጋ ሲንር ወደ ድንጋይ ከሰል ዞሩ፤ ከሰሉ ደግሞ በአብዛኛው ከደቡብ አፍሪካ በመርከብ ይመጣ ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የማዕድን ሚኒስቴር የአገር ውስጡን ምርት አበርትቶ፣ የማጠቢያ ፋብሪካዎች ተተክለው፣ ከውጭ የሚገባውን በአገር ውስጥ ለመተካት ተሠርቷል። በዚህ የዳነው የውጭ ምንዛሪ ጥቅሙ ግልጽ ነው።

እዚህ ላይ ልዩነቱን ማየት ይገባል። እቶኑ የሚፈልገው እሳቱን ራሱን ነው። ከሰሉ እዚያ ተርባይን አያዞርም፤ ሙቀቱ ቀጥታ ሥራ ይሠራል፤ አመዱም ከስሚንቶው ጋር ተዋሕዶ ይቀራል። ለዚህ ሥራ ዛሬ በአገራችን ዋጋ በቀላሉ የሚተካው አልተገኘም። መብራት ግን ከውሃ፣ ከነፋስ፣ ከፀሐይና ከምድር ሙቀት ይገኛል። አማራጭ ላለው ሥራ አማራጭ የሌለውን ነዳጅ ማዋል ብልህነት አይደለም።

ለከሰል የሚቆመው ክርክር

የሌላውን ወገን ክርክር በሙሉ ክብደቱ ማቅረብ ተገቢ ነው። የኢትዮጵያ መብራት ከመቶ ዘጠና እጅ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ነው። ዝናብ ሲያጥር ግድቡ ይጎድላል፤ መብራት ይጠፋል። ይህ በ1995 ዓ.ም. ታይቷል፤ በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. ሰፈሮች በፈረቃ መብራት አግኝተዋል፤ በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ 3 ውሃ ዝቅ ብሎ እንደገና ፈረቃ ታውጇል። በነዚያ ዓመታት ክፍተቱን ለመሙላት በቃሊቲ፣ በአዋሽ ሰባት ኪሎና በድሬዳዋ ያሉ የናፍጣ ጀነሬተሮች ተነሡ፤ ተጨማሪም ከውጭ በኪራይ መጣ። ናፍጣ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። «ከሰል ቢኖረን ኖሮ» የሚለው አሳብ የተወለደው ከዚያ ጨለማ ነው፤ በሻማ ያጠና ልጅ ወላጅም አሳቡን ቢቀበል አይፈረድበትም።

ነገር ግን ለድርቅ ዓመት ብሎ የከሰል ማመንጫ መትከል ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ማመንጫው በዝናብ ዓመትም ሠራተኛ፣ ጥገናና የባንክ ወለድ ይጠይቃል። ቦይለሩም እንደ ናፍጣ ሞተር ጠዋት ተነሥቶ ማታ የሚተኛ አይደለም፤ ቀዝቅዞ ከነበረ ለመሞቅ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ በየጊዜው መሞቅና መቀዝቀዙም ቱቦውን ይሰነጥቃል። በድርቅ ላይ የሚረዳን በበጋ የሚበረታው ነፋስ ነው። በአገራችን ወንዞች በሚጎድሉበት ወራት ነፋሱ ይነሣል፤ አሸጎዳና አዳማ የተተከሉት ማማዎች የውሃውን ጉድለት የሚደግፉት ለዚህ ነው። አሉቶ ላንጋኖ ያለው የምድር እንፋሎትም ክረምትና በጋ አይለይም።

ጉለሌ ላይ 50 ሜጋ ዋት ቢተከል

አሳቡን ቦታ ሰጥተን እንመዝነው። የአገራችን ከሰል የሚነድበት፣ 50 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ አነስተኛ ጣቢያ ጉለሌ ላይ ቆመ እንበል። ሙሉ ቀን ከሠራ 1.2 ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ያወጣል። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ስለዚህ ጣቢያው ባንድ ጊዜ 14,000 ምጣድ ያግላል። ቀላል ነገር አይደለም፤ ስንት ቤት ማለት ነው።

ዋጋውን ደግሞ እናስላ። ሢሶውን ብቻ የሚቀይር ቦይለርና መካከለኛ ሙቀት ያለው ከሰል ቢሆን፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት 600 ግራም ገደማ ይነድዳል። በቀን 720 ቶን፣ ማለትም 7,200 ኩንታል መሆኑ ነው። 400 ኩንታል የሚጭን ባለተሳቢ መኪና በቀን 18 ጊዜ ከደቡብ ምዕራብ ተነሥቶ፣ ከተማውን አቋርጦ፣ ሽቅብ ወደ ጉለሌ መውጣት አለበት ማለት ነው፤ ነገም፣ ከነገ ወዲያም። ከከሰሉ አምስተኛው አመድ ቢሆን በቀን 1,440 ኩንታል አመድ የሚደፋበት ቦታ ያስፈልጋል። ይህ አመድ ከባድ ብረቶችን ስለሚይዝ እንደ ማንደጃ አመድ ጓሮ አይደፋም፤ ዝናብ ሲያጥበው ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ የጉለሌ ወንዞች ደግሞ በመሀል ከተማ አልፈው አቃቂ ናቸው የሚደርሱት።

ውሃም አለ። በውሃ የሚቀዘቅዝ የከሰል ማመንጫ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ሁለት ሊትር ገደማ ያተናል፤ በቀን 2.4 ሚሊዮን ሊትር መሆኑ ነው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ የሚጠብቅ፣ ሌሊት ተነሥቶ በርሜል የሚሞላ ሰፈር ይህን ቁጥር በቀላሉ አያልፈውም።

አየሩ ደግሞ የባሰ ነው። ጉለሌ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ያንኑ ከሰል ለማንደድ ብዙ አየር መንፋት ያስፈልጋል። ከሰሜን እንጦጦ እንደ ግድግዳ ቆሟል። በበጋ ማለዳ ቁልቁል የሚተኛው ቀዝቃዛ አየር የማንደጃውንና የመኪናውን ጢስ እንደ ነጠላ አልብሶት እስከ ረፋዱ አይነሣም። ቁስቋም ላይ ቆሞ ከተማዋን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። በዚያ ላይ የድኝ ጋዝና ደቂቅ ብናኝ መጨመር ሳምባን ለበሽታ መስጠት ነው። የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል 705 ሄክታሩን ለአገር በቀል ዛፍ የሰጠው፣ እንጦጦም መናፈሻ የሆነው ከተማዋ እንድትተነፍስ ነው።

ሌሎች ምን አዩ?

በድንጋይ ከሰል መብራት የመሸጥ ታሪክ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1882 በለንደንና በኒው ዮርክ ነው። እንግሊዝ ከ142 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2024፣ የመጨረሻውን የከሰል ማመንጫዋን ዘጋች። ይህም ሆኖ ከሰል ገና አልሞተም። ከዓለም መብራት ሢሶ የሚሆነው ዛሬም ከሱ ነው፤ ዓለም በዓመት ከ8 ቢሊዮን ቶን በላይ ታነዳለች፤ ቻይና ብቻዋን ከግማሽ በላይ። እነዚህ አገሮች ከሰልን የያዙት በአብዛኛው በልማድና በቀድሞ ግንባታ ነው፤ ማመንጫው፣ ባቡሩ፣ ማዕድኑ፣ ከተማው ሁሉ በዙሪያው ተሠርቷል። እኛ ያ ሸክም የለብንም።

ደቡብ አፍሪካ ከ80 በመቶ በላይ መብራቷን ከከሰል ታገኛለች። ከሰል አስተማማኝ ነው ለሚል ሰው የሷ ታሪክ መልስ ይሰጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 አብዛኛውን የዓመቱን ቀናት በፈረቃ ነው ያሳለፈችው። ከሰሉ ሳይሆን ቦይለሩ ነበር የጎደለው፤ ያረጁት ማመንጫዎች ይሰበራሉ፣ አዲሶቹም በጊዜ አልደረሱም። ጎረቤታችን ኬንያ በላሙ ደሴት አጠገብ 1,050 ሜጋ ዋት የከሰል ማመንጫ ልትሠራ ነበር፤ በሰኔ 2019 እ.ኤ.አ. የአካባቢ ጉዳይ ፍርድ ቤቷ ሕዝቡ በሚገባ አልተጠየቀም ብሎ ፈቃዱን ሰረዘ። ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ኬንያ ከኢትዮጵያ በከፍተኛ መሥመር መብራት ትገዛለች።

አነስተኛ ማመንጫ ሠርቶ የቆየው ኒጀር ነው። በሰሃራ ዳር 37 ሜጋ ዋት ገደማ የሚያመነጨው ጣቢያ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ ለዩራኒየም ማዕድኖቹ መብራት ሰጥቷል። ከሰሉ ከአጠገቡ ይቆፈራል፤ ወንዝ የለም፤ ሌላ መሥመር ሩቅ ነው። አነስተኛ የከሰል ማመንጫ ትርጉም የሚኖረው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ኢትዮጵያ እንዲያ አይደለችም።

የጎደለን ምንድን ነው?

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የህዳሴ ግድብ ተመረቀ፤ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ያ የ50 ሜጋ ዋት የከሰል ጣቢያ ከዚህ መቶኛውን እንኳ አይሞላም። የጣና በለስ የውሃ ማመንጫ መብራት በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ አድርጎ ሱሉልታ ይደርሳል፤ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ከጉለሌ ወዲያ ናት። እንግዲህ መብራቱ ከተራራው ማዶ እየደረሰ ሽሮ ሜዳ ለምን ይጨልማል?

መልሱ ከሰፈሩ ምሰሶ ላይ ነው። ያረጀ ሽቦ፣ ከአቅሙ በላይ የተጫነ ትራንስፎርመር፣ ዝናብ ሲመጣ የሚበሰብስ የእንጨት ምሰሶ፣ በነፋስ ቀን መሥመሩን የሚመታ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ። ቅዳሜ ሁሉም ቤት ምጣድ ሲጥድ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። የከሰል ማመንጫ ብንተክል የሚያመነጨው መብራት የሚያልፈው በዚያው ሽቦ ነው፤ በዚያው ትራንስፎርመር ይቆማል። ጎተራው ሞልቶ ሳለ የሚፈስስ ጆንያ ይዘን ሌላ ጎተራ መሥራት አይጠቅመንም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ሌላ እውነት አለ። ኢትዮጵያ ከምትጠቀመው ጠቅላላ ኃይል ከአሥር ዘጠኙ እጅ ገደማ የሚመጣው ከእንጨት፣ ከከሰል፣ ከኩበትና ከሰብል ቅሪት ነው። መብራት ገና ያልደረሰው ሕዝብ ከግማሽ ብዙም አያንስም። የኃይል ችግራችን የሚታየው በማመንጫ ጢስ ማውጫ ላይ አይደለም፤ በእናቶቻችን ዓይንና ሳምባ ላይ ነው። ስለዚህ ለኃይል የምናወጣው እያንዳንዱ ብር «ይህ ማንደጃውን ያስለቅቃል ወይ?» ተብሎ ሊመዘን ይገባል። መሥመር ማደስ፣ ትራንስፎርመር ማብዛት፣ ጉልበት የሚቆጥብ ምጣድና ምድጃ በዱቤ ማዳረስ፣ መሥመር በማይደርስበት ገጠር የፀሐይ ኃይል መትከል፣ ይህን ያደርጋሉ። የከሰል ማመንጫ አያደርገውም።

ፍርድ

ድንጋይ ከሰላችን ሀብት ነው፤ ስድብ አይገባውም። የስሚንቶ እቶን ይንደድበት፤ ምንዛሪ ያድን፤ የሚቆፍሩት ወረዳዎች መንገዳቸው ይሠራ፣ የተቆፈረው መሬት ይሞላ፣ ወንዛቸው አይጥቆር። የመብራት ማመንጫ ግን አይሁን። አነስተኛ የሆነው ደግሞ ከትልቁ ይብሳል፤ ብዙ ያነድዳል፣ ጥቂት ይሰጣል፣ ጢሱን የሚያጠራበት አቅም የለውም። ያዩ ላይ በ1998 ዓ.ም. የተሰጠው መልስ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው።

በዚያ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ መብራት ሲመጣ በሽሮ ሜዳዋ እናት ደጃፍ የነበረው ሰልፍ በአንድ ጊዜ ተበተነ። ፌስታል ይዘው የቆሙት ሳይገዙ ወደየቤታቸው ገቡ። «ገበያው ተበላሸብዎት» አልኳቸው። «አይ ልጄ፣ ይብራ ብቻ። እኔም ቤት ምጣድ አለ» አሉኝ። ከሰል ሻጯ ራሳቸው የሚመርጡት መብራቱን ነው። የሚያስፈልገው የማይቋረጥ ሽቦ ነው፤ ገንዘባችን እዚያ ይዋል።